የጳጉሜን ኪራይ፦ ሁሉንም ቴስት ያለፈ አፕ እንዴት ይሳሳታል?

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ቁጠሩልኝ። አንድ ሕፃን ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ዘጠኝ ወር የሚሞላው መቼ ነው? ስልካችሁን አታውጡ፤ በጣት ቁጠሩት።

ቆጠራችሁ? መልሱን ያዙት፣ እንመለስበታለን።

ይህ ጽሑፍ ትችት ነው። የምተቸው ግን አንድን አፕ ወይም አንድን ድርጅት አይደለም። እኔ የተማርኩበትን፣ እናንተም ፕሮግራሚንግ ከጀመራችሁ ነገ ከነገ ወዲያ የምትማሩትን አንድ ልማድ ነው፦ «ቴስቱ አረንጓዴ ከሆነ ኮዱ ልክ ነው» የሚለውን።

ለጀማሪዎች ባጭሩ ላስረዳ። ዩኒት ቴስት ማለት የጻፋችሁትን ኮድ ትንሽ ቁራጭ ለብቻው ነጥሎ የሚፈትን ሌላ ትንሽ ኮድ ነው። «ይህንን ስሰጥህ ያንን መልስልኝ» ይለዋል። የመጣው መልስ ከተጠበቀው ጋር ከገጠመ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፤ ካልገጠመ ቀይ። በጃቫ ፕሮግራመሮች ዘንድ ይህን ልማድ ያስፋፋው ጄዩኒት የተባለው መሣሪያ ነው። ኬንት ቤክ እና ኤሪክ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ውስጥ ቁጭ ብለው እንደጀመሩት ይነገራል። (ረጅም በረራ ላይ ፊልም የማያዩ ሰዎችም አሉ ማለት ነው።) ዛሬ የአንድሮይድ አፕ የሚሠራ ሰው እሱን ወይም የእሱን ዘመዶች ሳይነካ አይውልም።

አሁን ወደ ልማዱ። ዩኒት ቴስት የሚያስተምር ቪዲዮ ወይም የክፍል ማስታወሻ ክፈቱ፤ ምሳሌው ብዙ ጊዜ ካልኩሌተር ነው። «2 እና 3 ስትደምር 5 ይውጣ።» ቴስቱ ይሮጣል፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ሁላችንም ደስ ይለናል። ምሳሌው ስህተት የለበትም፣ ግን ከባዱን ጥያቄ ይደብቃል። 5 መሆኑን ማን ነገረን? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለምናውቀው አንጠይቅም። እውነተኛ አፕ ስንሠራ ግን መልሱን አስቀድመን አናውቅም፤ ኮዱን የጻፍነውም ለዚያ ነው። ታዲያ «የሚጠበቅ መልስ» በሚለው ቦታ ላይ የምንጽፈውን ከየት እናመጣዋለን? የሶፍትዌር ፍተሻ ተመራማሪዎች ይህን «የኦራክል ችግር» ይሉታል። ኦራክል በጥንት ግሪክ ሰው ጥያቄውን ይዞ ሄዶ መልስ የሚቀበልበት ነበር። እኛ ጋ ሲመጣ ጥያቄው «ማንን እንጠይቅ?» ይሆናል ማለት ነው።

እኔ ማንን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ፤ አያኮራም።

ሦስት ሆነን አንድ አፕ እየሠራን ነበር። ሥራው ቀላል ነው፦ ሕፃን ሲወለድ ቀኑ ይመዘገባል፣ አፑ የክትባት ቀጠሮዎቹን ያሰላል፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ለእናትየው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይልካል። በሀገራችን የክትባት ፕሮግራም ሕፃናት ሲወለዱ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይከተባሉ፤ የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 ወር ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንድናሳይ ተስማማን። ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የትኛዋንም እናት «ፌብሩዋሪ 27 ነይ» ብትሏት መልሳ «በእኛ ስንት ነው?» ማለቷ አይቀርም።

ስልሳ ሦስት ቴስት ጻፍን። ሁሉም አረንጓዴ። ቴስቶቹ ከኮዱ መስመር ውስጥ ከመቶ 91 ያህሉን ይነካሉ። ለሙከራ ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን አየር ጤና በተከራየሁበት ግቢ ለአከራዬ አሳየኋቸው። ልጃቸው ግንቦት 20 የወለደችው የልጅ ልጅ አላቸው። ቀኑን አስገባሁ፤ አፑም «የኩፍኝ ክትባት፦ ጥር 20» አለ።

እማማ በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰኔ አንድ፣ ሐምሌ ሁለት፣ ነሐሴ ሦስት፣ መስከረም አራት…» የካቲት ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሞላ። «የካቲት 20 ነው እንጂ፣ ልጄ።»

እኔም የተማርኩ ነኝና ላስረዳቸው ተነሳሁ። «እማማ፣ ጳጉሜንን ዘለሉኮ! የኛ ዓመት 13 ወር ነው» አልኳቸው።

«የጳጉሜን ኪራይ ከፍለሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ከፍዬ አላውቅም። እናንተም ቤታችሁ ጠይቁ፤ ደሞዝም የሚከፈለው ለ12 ወር ነው። «የ13 ወር ፀጋ» ብለን ሀገራችንን ለቱሪስት ብናስተዋውቅም፣ «ከሦስት ወር በኋላ» ስንል ጳጉሜንን እንደ አንድ ሙሉ ወር የሚቆጥር ሰው የለም። አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን በነሐሴና በመስከረም መካከል ዝም ብሎ ይታለፋል።

ኮዱ ግን አላለፈውም። እንደ ጆዳ-ታይም እና አይሲዩ ያሉ የታወቁ የኮድ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን ዓመት በ13 ወር ነው የሚያስቀምጡት፤ ትክክል ናቸው፣ የዘመን አቆጣጠሩ እንደዚያ ነው። እኛም በዚያው መንገድ ሄድን። ግንቦት ዘጠነኛ ወር ነው፤ 9 ሲደመርበት 18፤ ከ18 ላይ 13 ሲቀነስ 5፤ አምስተኛው ወር ጥር። ሒሳቡ እንከን የለውም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። የእማማ መልስ ከልደቱ 275 ቀን ይርቃል፣ የአፑ መልስ ግን 245 ቀን ብቻ። ድፍን 30 ቀን ጎደለ። (በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ወር ብትቆጥሩ የካቲት 21 ላይ ትወድቃላችሁ። ከእማማ የሚለየው በአንድ ቀን ነው።)

ሠላሳ ቀን ቀላል አይደለም። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር እንዲሆን የተደረገው በምክንያት ነው። ሕፃኑ ከእናቱ የወሰደው የበሽታ መከላከያ በደሙ ውስጥ ገና ሳይቀንስ ክትባቱ ከተሰጠ፣ ያ መከላከያ የክትባቱን ሥራ ያደናቅፋል። እርግጥ ነው፣ ካርዱን የምታይ ነርስ «ገና ነው» ብላ ትመልሳታለች። ግን ያቺ እናት የአንድ ቀን ሥራ ትታ፣ ሕፃን አዝላ፣ ታክሲ ከፍላ ነው የመጣችው። በሚቀጥለው ወር ያ አፕ ሲጠራት ትመጣለች ብላችሁ ነው?

አሁን ወደ ትችቴ። ይህ ስህተት ቴስት አልነበረውም? ነበረው! ከስልሳ ሦስቱ አንዱ «ግንቦት 20 ላይ 9 ወር ሲደመር ጥር 20 ይውጣ» ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። እንዴት እንደጻፍኩት አስታውሳለሁ። የሚጠበቀውን ቀን ስላላወቅኩት ቦታው ላይ የሆነ ቀን አስቀምጬ ቴስቱን አስኬድኩት። ቀይ ሆነና «የጠበቅከው ይህ፣ ያገኘሁት ግን ጥር 20» አለኝ። ጥር 20ን ገልብጬ ቦታው ላይ ለጠፍኩት። እንደገና ሲሮጥ አረንጓዴ።

እዩት እስቲ። ተፈታኙ የጻፈውን መልስ ወስጄ የመልስ ቁልፍ አደረግኩት፤ ከዚያ በራሱ ቁልፍ አርሜ መቶ ከመቶ ሰጠሁት። ትምህርት ቤት እንዲህ የሚያርም መምህር ብታገኙ ትወዱታላችሁ፣ ግን ማትሪክ ላይ ታለቅሳላችሁ።

ያ 91 ከመቶ የሚለው ቁጥርም እዚህ ላይ አያድንም። የሚነግራችሁ ቴስቶቹ ሲሮጡ ስንቱ የኮድ መስመር እንደተነካ ነው፤ የተነካው መስመር ልክ ይሁን አይሁን አያውቅም። የተሳሳተው መስመር ከተነኩት አንዱ ነበር። ስህተቱ እንዳይታይ የረዳው ሌላም ነገር አለ፦ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ቀጠሮዎች በሙሉ ልክ ነበሩ። ሳምንት በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር 7 ቀን ነው፤ 42፣ 70፣ 98 ቀን ብሎ መቁጠር ማንንም አያሳስትም። ሦስት ልክ መልስ ያየ ሰው አራተኛውን ማን ይጠራጠራል?

ሚዛናዊ ልሁን። የኮዱን መልስ ገልብጦ ቴስት ማድረግ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። የሚሠራ አሮጌ ኮድ ስታስተካክሉ «ከትናንቱ ምንም አልተቀየረም» ለማለት ይጠቅማል፤ ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶችም አውቀው ያደርጉታል። ልዩነቱ እነሱ የቴስቱን ስም «አልተለወጠም» ይሉታል፣ እኔ ግን «ልክ ነው» ብዬ ጠራሁት።

ሁለተኛው ታሪክ የተቃራኒው ነው። እዚህ ቴስቱ እውነቱን እየነገረን እኛ ነን አፉን የዘጋነው።

አንድ ቴስት ነበረን፣ «ነገ ቀጠሮ ያላቸውን ዘርዝር» የሚል። ቀን ቀን ያልፋል። እኔ አንዳንዴ ሌሊት ስሠራ ይወድቃል። ጠዋት ተነስቼ ባስኬደው ደግሞ አረንጓዴ። ቴስቶቻችንን በራሱ የሚያስኬደው የኢንተርኔት ሰርቨር ላይማ ወድቆ አያውቅም። ጓደኛዬ «ድገሚው፣ ያልፋል» አለኝ። ሲብስብን «ይህን ቴስት ዝለል» የሚል ምልክት ለጠፍንበትና ተገላገልን። እንዲህ ዓይነት አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ቴስት በሞያው ውስጥ የተለመደ ራስ ምታት ነው፤ የተለመደው መድኃኒትም ይኸው ነው፦ መድገም፣ ካልሆነ ማፈን።

ከእማማ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ምልክቱን አነሳሁና ደብተር ላይ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመርኩ። ከሌሊቱ 5፡30፣ አረንጓዴ። 6፡40፣ ቀይ። 7፡15፣ ቀይ። 8፡50፣ ቀይ። 9፡20፣ አረንጓዴ። ከአራት ሌሊት በኋላ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ፦ የሚወድቀው ከ6 እስከ 9 ባለው ሦስት ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው።

ሦስት ሰዓት የሚለው ምን አስታወሳችሁ? የአዲስ አበባ ሰዓት ከዓለም አቀፉ የሰዓት ማጣቀሻ በ3 ሰዓት ይቀድማል። እኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀን ስንቀይር የማጣቀሻው ቀን ገና ትናንት ላይ ነው፤ ትናንትነቱን የሚለቀው የእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ነው። ኮዳችን «ዛሬ» የሚለውን ከማጣቀሻው ይወስዳል፣ ቴስቱ ደግሞ ከላፕቶፔ። በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ሁለቱ አይስማሙም። ሰርቨሩ ግን ራሱም የሚኖረው በማጣቀሻው ሰዓት ስለሆነ ሁልጊዜ ይስማማሉ። አረንጓዴው የማይጠፋበት ማሽን ከሁሉም በላይ ያታለለን ነበር!

ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማረጋገጥ ሌላ። በየሌሊቱ መንቃት ስለማይቻል ኮዱ ሰዓቱን በራሱ ከስልኩ እንዳያነብ፣ ከውጭ እንዲሰጠው አድርጌ ቀየርኩት። ከዚያ በቴስቱ ውስጥ ሰዓቱን ሌሊት 7 ላይ አቆምኩት። እኩለ ቀን ላይ፣ ቡና እየጠጣሁ፣ ቴስቱ ቀይ ሆነ። ደገምኩት፤ ቀይ። በጠራሁት ቁጥር የሚመጣ ስህተት ሆነ፤ ከዚህ በኋላ ማስተካከሉ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር።

ምን ያመጣ ነበር ብትሉ፦ መልእክቶቹን የምንልከው ኔትወርክ በሚቀልበት ሰዓት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ኮዱ «ዛሬ 19 ነው፣ ስለዚህ ነገ 20 ነው» ይላል፣ ቀኑ ግን 20 ገብቷል። «ነገ ቀጠሮ አለዎት» የሚለውን መልእክት እናትየው የምታነበው በ20 ጠዋት ነው። ስለዚህ በ21 ትሄዳለች።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ገባኝ፣ ከኮድ የማይገኝ። ሰዓቱን ብናስተካክለውስ? በእኛ አነጋገር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያለ ሰው «ነገ» ሲል የሚመጣውን ንጋት ማለቱ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ቀን ቀይሯልና «ነገ» የሚለው ከዚያ የሚቀጥለውን ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መልእክቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ «ነገ» የሚለውን ቃል ከመልእክቱ ጨርሰን አወጣነውና «ዓርብ፣ የካቲት 20» ብለን መጻፍ ጀመርን። ይህንን የትኛውም ቴስት አይነግራችሁም።

ታዲያ የሚጠበቀውን መልስ ከየት እናምጣ? ኮዱን ጨርሶ ከማያውቅ ሰው ወይም ነገር። አንድ የምወደው ምሳሌ አለኝ። ብዙ የቀን መቀየሪያዎች «መስከረም 1 ሁሌ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ከሉቃስ ዓመት ቀጥሎ ግን 12» በሚል ሕግ ይሠራሉ። ለዚህ ዓመትና ለሚቀጥለው ብትፈትኑት ልክ ነው። አሁን የዓድዋን ቀን ስጡት፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። በዘመናችን የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ስለሚውል መቀየሪያው «ማርች 2፣ 1896» ይላችኋል። የታሪክ መጻሕፍት ግን ውጊያው የተካሄደው እሑድ፣ ማርች 1 ቀን 1896 እንደሆነ ይመሰክራሉ። ምክንያቱ የፈረንጆቹ 1900 ነው፤ በእነሱ ሕግ ያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፣ የእኛ ግን በየአራት ዓመቱ ሳያቋርጥ ይጨምራል። ከዚያ በፊት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንስ ነበር። በ2100ም እንዲሁ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 12 መዋል ትጀምራለች። የዓድዋ ዘመን ሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚልክ አፕ እንደማይኖር አውቃለሁ። ግን መልሱ ከኮዱ ውጭ፣ ኮዱ ከመኖሩ መቶ ዓመት በፊት የተመዘገበ ስለሆነ ማንም ገልብጦ ሊለጥፈው አይችልም። እሑድ መሆኑ ደግሞ ሁለተኛ ምስክር ነው።

ሌሎችም በቀን ተሰናክለዋል፣ ያውም ትልልቆቹ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008 ዙን የተባለው የማይክሮሶፍት የሙዚቃ ማጫወቻ አንደኛው ሞዴል በየሰዉ እጅ ደርቆ ቀረ። ዓመቱ 366 ቀን ነበረው፤ ኮዱ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ሲደርስ ከአንድ ዙር መውጫ አጥቶ ይሽከረከር ነበር። የዚያው ኩባንያ የደመና አገልግሎት አዙርም ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለሰዓታት ተስተጓጎለ፤ አንድ ፕሮግራም የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሲያሰላ ዓመቱ ላይ 1 ደምሮ «ፌብሩዋሪ 29፣ 2013» የሚል የሌለ ቀን ፈጠረ።

የእኛ የሌለ ቀን ጳጉሜን 6 ነች። የምትመጣው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ ቀጣይዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2019፣ ቅዳሜ፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ነች። የማትጠቀሙበት አሮጌ ስልክ ካላችሁ ቀኑን ወደዚያ ግፉትና የጫናችሁትን የኢትዮጵያ ካሌንደር አፕ ክፈቱ። ጳጉሜን 6 ይላል ወይስ መስከረም 1? ከዚያ አንድ ዓመት ወደፊት ሂዱ፤ ምን ያሳያችኋል?

የእኛን አፕ በተመለከተ፣ ወር መደመሪያው ተስተካክሏል፤ የግንቦት 20ው ቴስት አሁን የካቲት 20 ይጠብቃል፣ የሰጡንም እማማ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጨመርኩት ቴስት አንድ ነው፦ ሕፃኑ ጳጉሜን 3 ቢወለድ ዘጠኝ ወሩ መቼ ይሞላል? እማማን ጠየቅኳቸው። መቁጠር ጀመሩ፣ አቆሙ፣ ጣታቸውን አዩት። «እሱን እንኳ ጤና ጣቢያ ጠይቂ» አሉኝ። ቀጠሮ ይዣለሁ። እስከዚያ የሚጠበቀው መልስ ቦታው ባዶ ነው፣ ቴስቱም ቀይ ነው። ጓደኛዬ እንድናፍነው ጠይቆኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ።